ከእናቴ ጋር ሃሪድዋር ልሄድ አስቤያለሁ፤ የምታውቁ ምከሩኝ

አስታማሚዋ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴን ለማሳከም መጥተን ዴልሂ ነው ያለነው። የልብ ቀዶ ሕክምናዋ በደህና አልቋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀራት የክትትል ቀጠሮ ብቻ ነው። ሐኪሟም "ቀስ እያልሽ ተንቀሳቀሺ፣ አየር ቀይሪ" ብሏታል።

የተከራየንበት ቤት ባለቤት አሮጊት ሴትዮ ናቸው። ማታ ማታ ሻይ ይዘው እየመጡ ስለ ጋንጋ (ጋንጀስ) ወንዝ ሲያወሩላት ከረሙ። አሁን እማዬ "ይህን ወንዝ ሳላይ አገሬ አልገባም" ብላ ቁጭ ብላለች። ወንዙ ዳር ያለችው ሃሪድዋር ከዴልሂ ብዙም አትርቅም አሉን።

የሄዳችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። በመኪና ይሻላል በባቡር? እማዬ ብዙ ደረጃ አትችልም። ጾመኛም ናት፤ ምግቡ እንዴት ነው? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነው። "የእነሱ አምልኮ ላይ ሄጄ ብቆም ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ?" እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም የምመልስላት አጣሁ።

የሩርኪው ተማሪ

እህቴ፣ እማማን እንኳን ፈጣሪ ማረልሽ። እኔ ሩርኪ የውሃ ምህንድስና ነው የምማረው። ሃሪድዋር ከእኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዤው የምሄደው እዚያው ነው።

ከዴልሂ 220 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በመኪና መንገዱ ከቀናሽ አምስት ሰዓት ይበቃል። ቅዳሜና እሁድ ግን የዴልሂ ሰው ወደዚያ ስለሚጎርፍ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ። ለእማማ ባቡር ይሻላል። ወደ ዴህራዱን የሚሄደው ሻታብዲ ማለዳ ከኒው ዴልሂ ጣቢያ ተነስቶ ሃሪድዋር ላይ ይቆማል። ማቀዝቀዣ አለው፣ ቁርስ ወንበራችሁ ድረስ ይመጣል፣ መጸዳጃ ቤትም አለው። ጣቢያው ላይ ዊልቸር ጠይቂ። ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብለሽ ቁረጪ።

ሆቴል ስትይዢ "የውጭ አገር ሰው ትቀበላላችሁ?" ብለሽ አስቀድመሽ አረጋግጪ። ሆቴሉ የውጭ እንግዳን ለመንግሥት የማስመዝገብ ግዴታ አለበት። ይህን ጣጣ የማይፈልጉ ትናንሽ ማደሪያዎችና የተሳላሚ ማረፊያዎች፣ ዳራምሻላ የሚሏቸው፣ በር ላይ ይመልሱሻል። ፓስፖርትና ቪዛችሁን በእጃችሁ ያዙ።

ጊዜውንም አስቢበት። ጥሩው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ብርዱ ለእማማ ይከብዳል። ክረምት ላይ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ በፍጹም አትሂዱ። ካንዋር ያትራ የሚሉት ጉዞ ያኔ ነው። ብርቱካናማ የለበሱ፣ ሺቫ የተባለውን አምላክ የሚያመልኩ ምእመናን በሚሊዮን ይመጣሉ። የጋንጋን ውሃ በማሰሮ ቀድተው፣ በትከሻቸው በተሸከሙት የቀርከሃ እንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥለው፣ በእግራቸው ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። ውሃው መንገድ ላይ መሬት መንካት የለበትም። ለማረፍ ሲፈልጉ የሚሰቅሉበት መስቀያ በየመንገዱ ዳር ይሠራላቸዋል። በጣም የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ግን አውራ ጎዳናው ለመኪና ይዘጋል፣ ለታመመ ሰውም አይሆንም።

ቤንጋሉሩ የነበርኩ

የእኛ ታሪክ ከአንቺ ጋር ይመሳሰላል። እኔም እናቴን አሳክሜ ስንጨርስ ወደ ሰሜን ወጥተን ሃሪድዋርን አይተናል። ሁለት ነገር ልንገርሽ።

መጀመሪያ ምግብ። ከተማው ውስጥ ሥጋም መጠጥም ክልክል ነው፣ እንቁላልም አታገኚም። ግን ተጠንቀቂ፣ የእነሱ "ንጹሕ ቬጅ" የእኛ ጾም አይደለም። ወተቱ፣ እርጎው፣ ፓኒር የሚሉት አይብ፣ ቅቤው ሁሉ አለበት። ምስሩ ራሱ በቅቤ ይቁላላል። እናቴ በጾም ላይ ስለነበረች በየቤቱ "ጊ የለም፣ ዱድ የለም፣ ዳሂ የለም፣ ፓኒር የለም" እያልኩ ነበር የማዝዘው። ተረድተው በዘይት ይሠሩላታል። ቻፓቲውንም ቅቤ ሳይቀቡ እንዲያመጡት ንገሪያቸው። ጠዋት በቅጠል ላይ የሚሸጡት የድንች ወጥና ፑሪ የሚሉት የተጠበሰ ቂጣ ብዙ ቤት በዘይት ነው፤ ሽንብራውንም ትወደዋለች።

ሁለተኛው ነጠላዋ ነው። በሰሜን ሕንድ ነጭ የባልቴት፣ የሐዘን ልብስ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወንዙ ዳር ስትቀመጥ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለችና እጇን ያዘቻት። ባሏ የሞተባት መስሏት ነው። ቋንቋ የለም፣ እናቴም አልገባትም፣ ግን እጇን አላስለቀቀችም። በኋላ ሆቴል ስንመለስ የእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ነው የነገረን። ምንም ችግር የለውም፣ ማንም ክፉ አይናገራትም። ጥለቱ ደመቅ ያለ ነጠላ ካላት ግን እሱን ታድርግ።

በሃይማኖቴ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁላችሁም ስለ ባቡርና ስለ ምግብ ትጽፋላችሁ። እህታችን የጠየቀችው ዋና ጥያቄ ግን ሳይመለስ እየታለፈ ነው። ሰዎቹ ወንዙን እናት፣ አምላክ ብለው ነው የሚሰግዱለት። "ከእኔ በቀር ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ" ተብለን የተማርን ሰዎች እዚያ መሄድ ምን ያደርግልናል? እናትሽ ልባቸው የጠረጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በክፋት አይደለም የምናገረው። ከሞት አፋፍ የተመለሰች እናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው መሄድ ያለባት ብዬ ነው።

የሰከላ ልጅ

ወንድሜ በሃይማኖቴ፣ ያሳሰበህ ነገር ትክክል ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ማየትና ማምለክ የተለያዩ ናቸው። ልክ የማይሆነው ነገር የቱ ላይ እንደሚጀምር እንነጋገር።

ምሽት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሃር ኪ ፓውሪ በሚባለው የወንዝ ዳር ደረጃ ላይ አርቲ የሚሉት ጸሎት አለ። ካህናቱ ብዙ ክር ያለው ትልቅ የነሐስ መብራት ያነሳሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ሕዝቡ ይዘምራል። ይህ ለጋንጋ የሚቀርብ አምልኮ ነው። ፈንጠር ብሎ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ማየት አምልኮ አይደለም። አንድ ሕንዳዊ ጓደኛህ ጃን ሜዳ መጥቶ ጥምቀትን ዳር ቆሞ ቢያይ ክርስቲያን ሆነ አትለውም፤ እንግዳ ሆኖ መጣ ነው የምትለው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በቅጠል በተሠራች ጎድጓዳ ሳህን አበባና ትንሽ መብራት ይሸጣሉ። ያንን አብርተህ ወንዙ ላይ ስትለቀው መባ አቀረብክ ማለት ነው። ብዙ ጎብኚ ለፎቶ ሲል ያደርገዋል። እኔ ይህን አልወደውም። ለእኛ የማናምንበትን መባ ማቅረብ ነው፤ ለእነሱም መባቸውን መጫወቻ ማድረግ ነው። ግንባር ላይ ቀይ ቀለም ሊቀቡህ ሲመጡም፣ ክር በእጅህ ሊያስሩልህ ሲሉም እንደዚያው ነው። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ "አይ፣ አመሰግናለሁ" ማለት ይበቃል። ማንም አይቀየምም። የእማማ የመጨረሻ መልስ ግን ከንስሐ አባታቸው ነው መምጣት ያለበት፤ እኔ ከእሳቸው አልበልጥም።

ስለ ወንዝ ክብር የእናቶቻችን ልብ ለምን እንደሚሳብ ደግሞ እኔ የሰከላ ልጅ ስለሆንኩ ይገባኛል። ግሽ አባይን አይቼ ነው ያደግኩት። ምንጩ ጸበል ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ሲመለሱ ሳይርሱ እንደተቀበሉ እየሰማን ነው ያደግነው። ኦሪት ዘፍጥረት ከኤደን የወጡትን አራት ወንዞች ሲቆጥር ሁለተኛው ግዮን ነው፤ የእኛ አባቶች አባይ ነው ይሉታል። የመጀመሪያው ፊሶን ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍስ ደግሞ ፊሶን ወደ ሕንድ የሚፈሰው፣ ግሪኮች ጋንጀስ የሚሉት ነው ብሎ ጽፏል። የጂኦግራፊ ሰው አይስማማበት ይሆናል። እኔ ግን ያንን ስላነበብኩ የጋንጋ ዳር ስቆም የባዕድ ውሃ ፊት የቆምኩ አልመሰለኝም።

በሃይማኖቴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ስለ መብራቱ ያልከው ልቤን አሳርፎታል። ንስሐ አባቷ ከፈቀዱላት እኔ ተቃውሞ የለኝም። ማዕተቧን ግን አታውልቅ።

የድሮው ተማሪ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ስላለኝ ገባሁ። እኔ የድሮ ሰው ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ ሕንዳውያን መምህራን እንደነበሩ የእኔ ዘመን ሰው ያስታውሳል። በኋላ እኔም ሕንድ ሄጄ ተማርኩ። ሃሪድዋር የሄድኩት አንድ የክፍል ጓደኛዬ የአባቱን ዐመድ ሊወስድ ሲሄድ አብሬው ነው። ስለዚህ እኔ የማውቀው የከተማዋን የሐዘን ፊት ነው።

ታሪኩን አስቀድማችሁ እወቁት፤ አለዚያ የምታዩት አይገባችሁም። ሳጋር የሚባል ንጉሥ 60,000 ልጆች ነበሩት ይላሉ። ካፒላ የተባለውን ባሕታዊ በተመስጦው ላይ ሳለ ደፍረውት በዓይኑ እሳት ዐመድ አደረጋቸው። ነፍሳቸው የምታርፈው የሰማይዋ ወንዝ ጋንጋ ወርዳ ዐመዳቸውን ስትነካው ብቻ ሆነ። ከዘራቸው የተወለደው ባጊራታ ጫካ ገብቶ ሱባኤ ያዘና ለመነ። ጋንጋ ልትወርድ ስትል ምድር እንዳትሰነጠቅ ሺቫ በጸጉሩ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ለቀቃት። ዛሬም ልጅ የአባቱን ዐመድ ተሸክሞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ወንዙ የሚነሳው ከጋንጎትሪ የበረዶ ግግር ሥር፣ ጋውሙክ ከሚባል ቦታ ነው። በተራሮቹ መካከል 250 ኪሎ ሜትር ያህል እየጮኸ ይወርድና ሃሪድዋር ላይ ሜዳውን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ድረስ ለጥ ያለ አገር ነው። አጠቃላይ ርዝመቱ 2,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከተማዋ የተከበረችው በዚህ አቀማመጧም ጭምር ነው፤ ተራራው የሚያልቅባት ደጃፍ ናት።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጓደኛዬ ዐመዱን በቀይ ጨርቅ አስሮ ይዟል። ከባቡር ስንወርድ አንድ ሰው ቀረበና "አገርህ የት ነው? መንደርህስ? ጎሳህስ?" ብሎ ጠየቀው። ሲነግረው "የእናንተ ፓንዳ እገሌ ነው" ብሎ በጠባብ ጎዳና አድርጎ ወደ አንድ ቤት ወሰደን። ፓንዳ የሚሏቸው የቤተሰብ መዝገብ የሚጠብቁ ካህናት ናቸው። ሽማግሌው ወለል ላይ ተቀምጠው ቀይ ጨርቅ ፈቱና ጠበብ ያለ፣ በጣም ረጅም ደብተር አወጡ። ገጹን ወደ ላይ ነው የሚገልጡት። ጥቂት አገላብጠው ጣታቸውን አሳረፉ። የጓደኛዬ አያት፣ የአያቱን አባት ዐመድ ይዘው በመጡ ጊዜ በእጃቸው የጻፉት ነበር። ከሥሩ የወንድሞቻቸው ስም፣ የሚስቶች ስም፣ የልጆች ስም። ጓደኛዬ የአያቱን የእጅ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። ከዚያ ሽማግሌው ብዕር ሰጡትና የአባቱን ሞት፣ የእሱንና የእህቶቹን ስም ጻፈ። ስንት ቤተሰብ እንዲህ ለትውልዶች ተመዝግቧል። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር ቢኖር፣ ራሱን የተላጨ ወጣት ነጭ ለብሶ ውሃ ዳር ስታዩ ካሜራችሁን አውርዱ። ሐዘንተኛ ነው። ካንካል በሚባለው ሰፈር ሬሳ የሚቃጠልበትም ቦታ አለ። ወደዚያ ለጉብኝት አትሂዱ።

አስታማሚዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለእማዬ አነበብኩላት፤ ስለ ደብተሩ ደግማ አስነበበችኝ። "ስማቸው የማይጠፋ ሰዎች" አለች።

ንስሐ አባቷንም አግኝተናቸዋል። "ሄደሽ እዪ፣ የምታመልኪውን አትርሺ፣ ከመባቸው አትካፈዪ" ብለዋታል። ተገላግላለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የቤቱ ባለቤት ጋንጋጃል፣ የጋንጋን ውሃ ማለት ነው፣ አምጡልኝ ብለው ትንሽ የመዳብ ማሰሮ ሰጥተውናል። እማዬ ራሷ ፊቷን ልትታጠብበት ትፈልጋለች። ቁስሏ ገና ነው። ውሃው ንጹሕ ነው?

ዱባይ ያለሁ

እህት፣ ማሰሮውን ሞልተሽ ብትወስጂላቸው ትልቅ ስጦታ ነው። እኔ እዚህ የምሠራበት ቤት ሕንዳውያን ናቸው። የጸሎት ቦታቸው ላይ አፉ የታሸገ የመዳብ ማሰሮ አለ። ለምን እንደማይከፍቱት አላውቅም ነበር። የቤቱ አያት ሊያርፉ ሲሉ ልጃቸው ማሰሮውን ከፍቶ በማንኪያ ጠብታ ጠብታ ከንፈራቸው ላይ አደረገ። ለዚያ ቀን ነበር የተቀመጠው። የሕንድ ፖስታ ቤት እንኳ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጋንጋን ውሃ በጠርሙስ ይሸጣል።

ሃሪድዋር ሄደው የመጡት ሁሉ ነጭ የፕላስቲክ ጀሪካን በየሱቁ ተንጠልጥሎ እንደሚሸጥ ነግረውኛል፤ ከትንሿ እስከ ትልቁ። ጸበል በጀሪካን ተሸክማ የመጣች እናት ያሳደገችን ሁሉ ይህ አይገርመንም።

የሩርኪው ተማሪ

ስለ ውሃው እኔ ልመልስ፣ ትምህርቴም ነው።

ለማሰሮው ቅጂ፤ እማማ ግን አትጠጣው፣ ቁስሏንም አታስነካው። የኡታራክሃንድ ግዛት የብክለት መቆጣጠሪያ ቦርድ በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ የሃሪድዋሩን ውሃ መርምሮ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም ብሏል። ላዩ ሲታይ ግን ንጹሕ ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቀዝቅዞ፣ እየተምዘገዘገ ነው የሚያልፈው። ከበረዶ ስለሚመጣ ግንቦት ላይ እንኳ እግርሽን ያደነዝዛል። ደረጃው ላይ የብረት ሰንሰለት ተተክሏል። ሰው እሱን ጨብጦ ነው ብቅ ጥልቅ የሚለው፤ ከለቀቀ ውሃው ይወስደዋል። ስለዚህ እማማ እግሯን እንኳ ልትነክር ከፈለገች አንቺ ደግፈሻት፣ መጨረሻው ደረቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ይሁን። ፊቷን በእፍኝ ብታብስ ግን ምንም አይደል።

ጉልበቱ የመጣው ከየት እንደሆነ ታውቂያለሽ? በሃር ኪ ፓውሪ በኩል የሚያልፈው ውሃ ከዋናው ወንዝ ተጠልፎ የመጣ ነው። ፕሮቢ ኮትሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1842 (እ.ኤ.አ.) ቁፋሮ አስጀምሮ በ1854 የተከፈተው የላይኛው ጋንጋ ቦይ መነሻው እዚሁ ነው። ያኔ በረሃብ ብዙ ሕዝብ አልቆ ስለነበር ለመስኖ ተብሎ ነው የተሠራው። የሃሪድዋር ካህናት "ጋንጋ አትታሰርም" ብለው ተቃወሙት። ኮትሊም ግድቡ ላይ ውሃው በነጻ የሚያልፍበት ክፍተት ለመተው ተስማማ። ክርክሩ ግን ዳግመኛ ተነሣ። በ1916 (እ.ኤ.አ.) ማዳን ሞሃን ማላቪያ የተባለ የሕንድ ፖለቲከኛ ሕዝቡን አስተባብሮ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተደራድሮ ወንዙ ያለማቋረጥ እንዲፈስ ስምምነት አስፈርሟል። እኔ የምማርበት ትምህርት ቤት ራሱ በ1847 የተከፈተው ለዚያ ቦይ መሐንዲስ ለማፍራት ነው። ቦዩ ሩርኪ ከተማ መሐል ያልፋል፤ ግዙፍ የድንጋይ አንበሶች ይጠብቁታል።

ቦዩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከዱሼራ እስከ ዲዋሊ በዓል ባለው ጊዜ፣ ለጽዳት ይዘጋል። በዚያ ሰሞን ሃር ኪ ፓውሪ ውሃው ይጎድላል፣ ጠጠሩ ይወጣል። ልጆችና ድሆች ለዓመት የተጣለውን ሳንቲም ሊለቅሙ ይገባሉ። በሌላ ጊዜም ማግኔት በገመድ አስረው ሲጎትቱ ታያቸዋለሽ። ለእማማ ውሃው ሞልቶ ይታያት ዘንድ ያንን ሰሞን ዝለሉት።

ስለ ወንዙ ሳወራ አንድ ሰው ሳላነሳ አላልፍም። ጂ. ዲ. አግራዋል ይባላሉ፤ ከእኛው ሩርኪ የተመረቁ፣ በኋላ የአካባቢ ምህንድስና ፕሮፌሰር የሆኑ። በእርጅናቸው መነኮሱ። ላይኛው ጋንጋ ላይ የሚሠሩት የኃይል ማመንጫ ግድቦች ይቁሙ፣ ወንዙን የሚጠብቅ ሕግ ይውጣ ብለው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሃሪድዋር ውስጥ ባለ ገዳም ጾም ጀመሩ። በ111ኛው ቀን፣ በ86 ዓመታቸው፣ ሪሺኬሽ ሆስፒታል አረፉ። እኔ ግድብ መሥራት እየተማርኩ ያለሁ ሰው ነኝ፤ የአገሬንም ግድብ እወዳለሁ። ግን እሳቸው የጠየቁትን ጥያቄ ማንም የውሃ ተማሪ ሊያልፈው አይገባም፦ ወንዝ ወንዝ ሆኖ እንዲቀር ስንት ውሃ ይተውለት?

ከሃይፋ

ሻሎም ለሁላችሁ። እዚህ አገር ወጣቱ ሠራዊት ጨርሶ ሕንድ መሄድ ልማዱ ነው፤ እኔም የቤተ እስራኤል ልጅ ሆኜ ከጓደኞቼ ጋር ሄጃለሁ። እኔ የምለው፣ እናትሽ ጫጫታ የሚከብዳት ከሆነ ሃሪድዋርን ቀን አይታ ለምሽቱ ወደ ሪሺኬሽ ብትወጡስ? 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወንዙ እዚያ ገና ተራሮቹ መካከል ነው። ፓርማርት ኒኬታን የሚባል ገዳም ፊት ለፊት የሚደረገው የምሽት ጸሎት ላይ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነው የሚዘምረው፤ ግፊያው ይቀላል። ጫማ ብቻ ታወልቃላችሁ። እዚያም ሥጋ የለም። ላክሽማን ጁላ የተባለው ዝነኛ ተንጠልጣይ ድልድይ አርጅቶ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሾፌር "እዚያ ላውርዳችሁ" ቢላችሁ ራም ጁላ በኩል በሉት።

ቤንጋሉሩ የነበርኩ

የከሃይፋ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ቀን ሁለቱ ለልብ ሕመምተኛ አይበዛም? እኔ አንዱን ብቻ እመርጥ ነበር። ባለቤቲቱ ያወሩላት ሃሪድዋርን ነው፣ ልቧም እዚያ ነው።

ማንሳ ዴቪ የሚባለው ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መቅደስ በኬብል ጋሪ ይወጣል፤ ከላይ ከተማውና ወንዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገር ግን በእግር የሚወጣበት ደረጃ ላይ በጁላይ 27 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.)፣ እሁድ ቀን፣ ሰው ተጋፍቶ ቢያንስ 6 ሰዎች ሞተዋል። እናትሽን ወደዚያ አትውሰጂ። ከሥር ያለው ይበቃታል። ዝንጀሮዎቹም ምግብ የያዘ ፌስታል ካዩ ይነጥቃሉ።

ገንዘብ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። ደረሰኝ ይዘው "ለወንዙ መዋጮ" የሚሉ ይመጣሉ። "ለእናትሽ ጤና ልጸልይላት" ብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሩፒ የሚጠይቅም አለ። ገና ሲጀምር ቁርጥ አድርጎ እምቢ ማለት ነው። የታመመች እናት ይዘሽ ሲያዩሽ ልብሽን እንደሚያገኙት ያውቃሉ። ይህ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ከእነሱ አጠገብ ምንም ሳይጠይቁ ቦታ የሚለቁልሽ፣ ውሃ የሚያቀብሉሽ ስንት ደግ ሰዎች አሉ።

የሰከላ ልጅ

አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው ደረጃ ላይና አንዳንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከሂንዱ ውጭ ያለ ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አለ። ከመጠጋታችሁ በፊት ጠይቁ። "አይቻልም" ካሏችሁ አትከራከሩ። እኛም ቤት መቅደስ የማይገባ አለ። ከውሃው ማዶ፣ የሰዓት ማማው ያለበት ደሴት ላይ ሆናችሁ አርቲውን ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። እማማ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ሰዓት ቀድማ ቦታ ትያዝ፤ በኋላ መቆሚያም አይገኝ።

አስታማሚዋ

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ወስነናል። ሪሺኬሽን ትተነዋል፤ ሃሪድዋር ብቻ። ማክሰኞ በማለዳው ባቡር ሄደን፣ ምሽቱን ከማዶ አይተን፣ አድረን ረቡዕ ከሰዓት እንመለሳለን። ሐኪሟም ፈቅዷል። "ብርድ እንዳይመታት፣ ደረጃ እንዳትወጣ" ብቻ ብሏል። እማዬ ማሰሮውን በነጠላዋ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ካስገባችው ቆየች።

የሩርኪው ተማሪ

ማክሰኞ ክፍል የለኝም፤ ጣቢያው ላይ እጠብቃችኋለሁ። ስልኬን በውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ። የእማማን መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ጫማዋ ሳትጎነበስ የሚወልቅ ይሁን፣ ወፍራም ካልሲም ያዢላት፤ ድንጋዩ ማታ በጣም ይቀዘቅዛል። የምትቀመጥበት ትራስ እኔ አመጣለሁ።